በግሮሩድ ጣቢያ ስሟ ሳይጠራ ስለቀረችው ልጅ

ለክፍለ ከተማው የባርነሃገ ክፍል ኃላፊ
ኦስሎ

ቀን፦ ሜይ 19 ቀን 2025 እ.ኤ.አ.

ጉዳዩ፦ በሜይ 8 የሽርሽር ቀን ለደረሰው ጥፋት ተጠያቂዋ ኤልዳና አስፋው ሳትሆን እኔ መሆኔን ስለማሳወቅ፣ ውሳኔ ከመሰጠቱ በፊትም መዝገቡ እንዲታረም ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ፣

እኔ አመልካች ፋናዬ በየነ በክፍልዎ ሥር ባለ ባርነሃገ፣ ማለትም መዋዕለ ሕፃናት፣ ሰባት ዓመት በረዳትነት የሠራሁ ነኝ። የኖርዌይ ቋንቋ ችሎታዬ ለዕለት ሥራዬ ይበቃኛል። ለእንዲህ ያለ ጉዳይ ግን ስለማይበቃኝ በአማርኛ ጽፌአለሁ። የሚተረጉመውን ሰው የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የማፍርበትን ቦታ አያሳምርልኝ።

1. ኤልዳና እዚሁ ኦስሎ ተወልዳ ያደገች የሃያ ሦስት ዓመት ወጣት ናት። የመዋዕለ ሕፃናት መምህርነት እየተማረች በጊዜያዊነት አብራኝ ትሠራለች። የፊታችን ሐሙስ ከሥራ እንድትሰናበት ሊወሰንባት ነው። በዚህ ምክንያት ከተባረረች መምህር የመሆን ነገሯ እዚሁ ላይ ሊያበቃ ይችላል። ስለ ጥፋቱ የተጻፈው ሪፖርት «ባቡሩ ውስጥ መጨረሻ የገባችው እሷ ስለሆነች ጣቢያውን ዞር ብላ ማየት ነበረባት» ይላል። ሪፖርቱ የማያውቀውን የማውቀው እኔ ነኝ፤ አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ግን አፌን ዘግቼ ተቀምጫለሁ።

2. በዚያ ሐሙስ አሥራ አምስት ልጆች ይዘን ከግሮሩድ በላይ ወዳለው ጫካ ሄድን። የክፍሉ መሪ ኤማ፣ ኤልዳናና እኔ ነበርን። ቀኑ በጣም ያማረ ነበር። ልጆቹ ሐይቁ ዳር የእንቁራሪት እንቁላል አገኙ፤ ቋሊማ በእንጨት እየሰኩ ጠበሱ፤ ሌዊ የሚባለው ልጅ ቦት ጫማው ውኃ እስኪሞላ ገብቶ በሳቅ ፈረሰ። ይህን የምጽፈው የሐሙስ ሽርሽራችን ሊቀር ነው ሲባል ስለሰማሁ ነው።

3. አሥራ አራቱ የእኛው ክፍል ልጆች ናቸው። አሥራ አምስተኛዋ ማርያ ገና አራት ዓመቷ ነው። በትንንሾቹ ክፍል ሠራተኞች ስለታመሙ በዚያው ጠዋት ነው ወደ እኛ የመጣችው። ቢጫ ሰደርያዋን ያለበስኳት፣ ጠዋት ስንሳፈርም እጇን ይዤ ያስገባኋት እኔ ስለሆንኩ አላየኋትም ማለት አልችልም።

4. መመሪያው ባቡር ከመሳፈራችን በፊት ልጆቹ እንዲቆጠሩ ያዛል። እኔ አልቆጥርም። ሰባት ዓመት ሙሉ አልቆጠርኩም። በስማቸው እጠራቸዋለሁ፤ የተጠራው እየዘለለ ይገባል፤ ስሙ ያልተጠራ ከቦታው አይነቃነቅም። ልጆቹ እንደ ጨዋታ ይወዱታል። ኤማም «አንቺን እንዴት ነው እንዲህ የሚሰሙሽ?» ትለኝ ነበር፤ እኔም ደስ ይለኝ ነበር።

5. ምክንያቱን ልናገር። ባደግሁበት ቤት ልጅ አይቆጠርም። እናቴ ስንት ልጅ አለሽ ስትባል ስማችንን ትዘረዝራለች እንጂ ቁጥር አይወጣትም። አንድ ዓመት የቀበሌ ጸሐፊ መጥቶ በጣቱ እየጠቆመ ቆጠረን። በዚያው ክረምት ታናሽ ወንድሜ ነብዩ ሞተ። የገደለው ኩፍኝ እንደሆነ አውቃለሁ፤ እዚህ አገር ለስንት እናት ስለ ክትባት ያስረዳሁ ሰው ነኝ። ጣቴን ወደ ልጅ አንስቼ አንድ፣ ሁለት ማለት ግን እስከ ዛሬ ያስፈራኛል። ይሳቅብኛል ብዬ ለማንም ነግሬ አላውቅም።

6. ስንመለስ ግሮሩድ ጣቢያ ባቡሩ መጣ። ኤማ ቀድማ ገብታ ልጆቹን ትቀበል ነበር። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ስም ጠራሁ፤ አፌ የለመደው አሥራ አራቱን ስለሆነ አሥራ አራት ጠርቼ አበቃሁ። ኤልዳና የሌዊን እርጥብ ጫማና ሦስት ቦርሳ ተሸክማ ከኋላ ደረሰችና «ፋናዬ፣ ቆጠርሻቸው?» አለችኝ። «ያ፣ ያ፣ አዎ፣ ቶሎ ግቢ!» ብዬ አረጋገጥኩላት። ውሸት ነበር። አምናኝ ገባች፤ በሩም ተዘጋ።

7. ኤማ ባቡሩ ውስጥ ስትቆጥር አንድ ልጅ ጎደለባት። ሁላችንም በሚቀጥለው ጣቢያ ወረድንና እኔ ብቻዬን ተመለስኩ። ዘጠኝ ደቂቃ ፈጀብኝ። በዚያ መሐል የማውቀውን ጸሎት ሁሉ ጀመርኩ፤ አንዱንም አልጨረስኩም። ማርያ የጣቢያው መቀመጫ አጠገብ ቀጥ ብላ ቆማለች። አንድ ሽማግሌ ነይ ቁጭ በይ ቢሏት እምቢ ብላቸዋለች። አላለቀሰችም። ቀና ብላ አየችኝና «ስሜን አልጠራሽም» አለችኝ። በሩ ፊቷ ላይ ሲዘጋ እያየች ያልገባችው ጠዋት ስንሳፈር ያየችውን የእኔን ሕግ አክብራ ነው። ይህ በሪፖርቱ ውስጥ የለም፤ ያልነገርኩት እኔ ነኝ።

8. ዝም ያልኩበትን ምክንያት አልደብቅም። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጄ ኖኤል አዲስ አበባ እህቴ ጋ ነው። ወደ እኔ እንዲመጣ ያስገባሁት ማመልከቻ የተመሠረተው በዚህ ቋሚ ሥራዬ ላይ ነው። ኤልዳና ይህን ታውቃለች። ስትጠየቅ «መጨረሻ የገባሁት እኔ ነኝ» ብቻ ብላ ስለ እኔ ትንፍሽ አላለችም። ደውዬ ለምን እንዲህ ታደርጊያለሽ ብላት «ናይ፣ አይሆንም፣ ተዪው። እኔ ሌላ ሥራ አገኛለሁ፤ አንቺ ሌላ ኖኤል ከየት ታመጫለሽ?» አለችኝ። እኔ የአርባ አራት ዓመት ሴት፣ ልጄ ልትሆን ከምትችል ወጣት ጀርባ ተደብቄ ከረምኩ። ከዚህ በላይ ግን አልቻልኩም።

ስለዚህ በትሕትና የምጠይቀው፦

ሀ. በኤልዳና ላይ የተያዘው ክስ ከሐሙስ በፊት እንዲነሳላትና ስሟ ከመዝገቡ እንዲወጣ፤

ለ. ጥፋቱ በስሜ ተመዝግቦ የሚገባኝ ውሳኔ እንዲሰጠኝ፤ ኖኤልን ያነሳሁት ዝምታዬን ለማስረዳት እንጂ ምሕረት ለመለመን አይደለም፤

ሐ. የሐሙስ ሽርሽር እንዳይቀር፤ ጫካው ምንም አላጠፋም፣ ልጆቹም ሳምንቱን ሙሉ የሚያወሩት ስለ እሱ ነው።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ከዚያ ቀን ወዲህ ማርያ ወደ ግቢ ለመውጣት እንኳ ስሟ እስኪጠራ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቃለች። የሚያሰናብቱኝ ከሆነ ከመሄዴ በፊት አንድ ጠዋት ብቻ ይፍቀዱልኝ። ልጆቹን በሩ ላይ አሰልፌ፣ ጣቴን አንስቼ፣ ሁሉም እየሰማኝ ልቁጠራቸው። ማርያ ብዬ ስሟን እጠራና፣ አንድ ብዬ ከእሷ እጀምራለሁ።

ቃሌን እስከ መጨረሻው ስላነበቡልኝ ከምስጋናና ከሰላምታ ጋር፣

(ፊርማ)
ፋናዬ በየነ
ትሮስተሩድ፣ ኦስሎ

ግልባጭ፦ ለኤልዳና አስፋው