እትዬ፣ በዋሻው ሂዱ

ለውድ እህቴ ለእትዬ የኔነሽ፤

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ እንዴት ነው? የቶሪኖ ብርድ ያሳመመው ወገብሽ ፀሐይ ሲወጣ ቀለል አለልሽ ወይ? ጋሼ ደስበለስ ደኅና ነው? ልጆቹስ አደጉ? እኔና አዳነች፣ ከግራ ትከሻዬ ሕመም በቀር፣ አምላክ ምስጋና ይድረሰውና ደኅና ነን። ትከሻህን ምን ነካው እንደምትዪ አውቃለሁ፤ እነግርሻለሁ።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ለጋሼ ደስበለ የእህት ልጅ ሠርግ ሊዮን ልትሄዱ እንደሆነ፣ አንቺ ድንበሩ ላይ ካለው ተራራ ሥር በተቦረቦረው ዋሻ እንለፍ ስትዪ እሱ በተራራው አናት ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ እንዳለ፣ በዚህም እንደተኳረፋችሁ ጽፈሽልኛል። እሱን አልፈርድበትም። ደርግ ጨለማ ክፍል ቆልፎ ያሰቃየው ሰው፣ ከተራራ ሆድ ውስጥ መግባት ቢያስፈራው ምን ይገርማል? እኛ ደግሞ የደብረ ሲና ልጆች ነን። አውቶቡሱ የጣርማ በርን ዋሻ ሲገባ ተሳፋሪው ሁሉ ሲያማትብ አይተን አድገናል፤ የአናቱንም ጭጋግ እናውቀዋለን። ታክሲ ነጂ ነህና ፍረድልን ስላልሽኝ፣ በጥር ወር የደረሰብንን ልንገርሽ።

ስለ ዳኒኤል በስልክ አጫውቼሻለሁ፤ ኤቨረት አውሮፕላን ፋብሪካ የሚሠራው፣ አስመራ ተወልዶ መርካቶ ያደገው ጓደኛዬ ነው። ሚስቱ፣ ከብረት የምትባለው፣ እዚህ ሌክ ሲቲ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ አስታማሚ ናት። የከብረት አጎት ስፖኬን ሞቶ ሦስታችን በዳኒኤል መኪና ሄደን ቀብረን ስንመለስ፣ የስኖኳልሚ የተራራ መንገድ በበረዶ ናዳ ተዘግቷል ሲል ራዲዮው ተናገረ። ሰፊውና ሁሉም የሚሄድበት መንገድ እሱ ነው። ሌላው በሰሜን ዞሮ በስቲቨንስ የሚያልፈው ጠባብና ገደላማ ነው። ከብረት፣ «እዚሁ ኤለንስበርግ ሞቴል ይዘን እንደር» አለች። እኔም ደገፍኳት። ዳኒኤል ግን፣ «ሶ፣ ነገ አልገባም ብዬ ኮል ላድርግ? ሱፐርቫይዘሬ እኮ ሰበብ ነው የሚፈልገው» ብሎ መሪውን ወደ ሰሜን አዞረ። ከብረት እስከ ተራራው ግርጌ ድረስ ለመነችው። በመጨረሻ ዳሽቦርዱን በቡጢ ነርቶ፣ «ዝም በዪ! መኪናው የማን ነው?» ብሎ ጮኸባት።

ዳገቱን ስንጀምር ጎማው ላይ ሰንሰለት እንሰር ስለው፣ «ኦኬ፣ ኦኬ፣ ትንሽ እንሂድ» እያለ አለፈ። ብዙም ሳንርቅ መኪናችን ተንሸራቶ መንገዱን አግድሞ ቆመ። ከኋላችን ግንድ የጫነ ከባድ መኪና ነበር፤ ለጥቂት ሳይደፈጥጠን ቆመ። ሹፌሩ፣ ትከሻው እንደ በር የሰፋ ፂማም ፈረንጅ፣ ሰንሰለት ይዞ እየጮኸ መጣ። ሊመታን ይሁን ሊያስርልን እስከ ዛሬ አላውቅም። ዳኒኤል ዘሎ ወረደና ምንም ሳይጠይቅ ፊቱን በቡጢ አለው። ሰውዬው ተንገዳገደ፤ ከዚያ ሰንሰለቱን አንሥቶ ዳኒኤልን ፊቱ ላይ ገረፈው። እትዬ፣ ብረት አጥንት ሲመታ ያለውን ድምፅ ጆሮሽ አይስማ። ጥርሶቹ በረዶው ላይ ተበተኑ፤ ቀኝ ዓይኑ በደም ተሞላ። መሃላቸው ስገባ ሁለተኛው ምት እኔ ላይ አረፈና የትከሻዬ አጥንት ቀጭ ሲል ሰማሁት። ከብረት፣ ያቺ ለዝንብ የምትራራ ሴት፣ ዘላ የሰውዬውን እጅ ነከሰች። ደሙ በአገጯ እስኪወርድ አለቀቀችውም። እሱም ሰንሰለቱን ጥሎ፣ እየተሳደበ ወደ መኪናው አመራ።

ሳይደርስ ተራራው ወረደ። ነጎድጓድ መስሎኝ ወደ ሰማይ አየሁ። ነጭ ግድግዳ ዛፎቹን እንደ ክብሪት እንጨት እየሰበረ መጣና ከባዱን መኪና ከነግንዱ ጠርጎ ገደሉ አፋፍ ላይ አጋደመው። እኛን የነካን ነፋሱ ብቻ ነው፤ እሱም በግንባራችን ደፋን። ቀና ስንል ሰውዬው የለም።

መጀመሪያ የሮጠው ዳኒኤል ነው። ደም እየተፋ፣ በአንድ ዓይኑ እያየ፣ በባዶ እጁ በረዶውን ይቧጥጥ ጀመር። ከብረት ለለቅሶው ንፍሮ የወሰድንበትን ድስት ክዳን አምጥታ ቆፈረች፤ እኔም በደኅናው እጄ። ጫማ አገኘን፤ እግሩ እግር ወደማይዞርበት ዞሯል። ፊቱን ስናወጣው እንደ ከል ጠቁሯል። ከብረት አፉን በጣቷ ጠርጋ፣ በነከሰችበት አፏ ትንፋሿን ሰጠችው። ሲያስል ዳኒኤል አቅፎት እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ሰውዬው ተርፏል፤ ግራ እግሩ ግን ከጉልበቱ በታች ተቆርጧል። ዳኒኤልም ቀኝ ዓይኑን አጥቷል። ፖሊስ ሲጠይቅ፣ «ቀድሜ የመታሁት እኔ ነኝ» ብሎ ራሱ ተናገረ፤ ሰውዬውም አልከሰውም አለ። ከብረት ባሏን ከሆስፒታል አስወጥታ፣ ቁስሉ እስኪደርቅ አስታምማ፣ ከዚያ ልብሷን ይዛ ቤልቪው እህቷ ዘንድ ገባች። ለሽምግልና ሄጄ ነበር። «የበረዶው የእግዜር ነው፣ ድብድቡንም ይቅር ብያለሁ። ዳሽቦርዱን ሲመታ ግን የሚያየው እኔን ነበር» አለችኝ። እስከ ዛሬ አልተመለሰችም።

እንግዲህ የኔ ፍርድ በዋሻው ነው። ደስበለን እየጎተትሽው ግን አይሁን። መሪውን አንቺ ያዢ፤ እሱ ዓይኑን ጨፍኖ መዳፉን ትከሻሽ ላይ ያሳርፍ። እስክትወጡ ድረስ የጎረቤት ሐሜትም ቢሆን የመጣልሽን አውሪው። ቢያልበው፣ ቢጮህብሽም፣ አትቆጪው፤ የሚጮኸው ባንቺ ላይ አይደለም። ጭራሽ አልችልም ካለ ደግሞ ሠርጉ ይቅርባችሁ፤ ሙሽሮቹ ያለ እናንተም ይጋባሉ።

ሃሴትን ግንባሯን ሳሚልኝ። ለትንሹ ኃይለ መስቀል አዳነች ሹራብ እየሠራችለት ነው፤ እጅጌው ረዘመ ብላ ፈታችው እንጂ ይደርሰው ነበር። እሷንም በጣም በጣም ናፍቃችኋታል። ለጋሼ ደስበለ እጅ ነሥቻለሁ፤ ይህንን ደብዳቤ አጠገቡ ቁጭ ብለሽ ጮክ ብለሽ አንብቢለት። ከብረት ያለችው ጋ ስትደርሺ ግን ቀስ በዪ።

ወንድምሽ መንግሥቴ
ሌክ ሲቲ፣ ሲያትል
ግንቦት 9 ቀን 1989 ዓ.ም.