የማክሰኞ ንፋስ

ፖርትካርን፣ ስኮትላንድ
የጥቅምት መገባደጃ

ለድሮ ወዳጄ፣

እንደምን ከርመሃል? እኔ፣ ጉልበቴ ዝናቡን ከሬዲዮው ቀድሞ ከመናገሩ በቀር፣ ደህና ነኝ። ባሕሩም ያው ነው፤ ዓሣው ቢያልቅበትም ድምፁን አልቀነሰም።

የምጽፍልህ ስለ ልብስ ማስጫው ሜዳ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ለመኪና ማቆሚያ ሊሸጠው ተነስቶ ነበር። ወደዚያ ሞቃት አገር ከሄድክ ስንት ዘመን ቢሆንም መቼም አትረሳውም፤ በታች ሰፈር እያንዳንዱ ቤት በዚያ ሣር ላይ ከአያቶቹ የወረሰው ቀን አለው። ሰኞ የእትዬ ኤፊ፣ ማክሰኞ የእናቴ። እሑድ የእግዜር ነው፤ እሱ ደግሞ ልብስ አጥቦ አያውቅም። ላይ ሰፈር፣ የመንግሥት ቤቶች ውስጥ ለነበራችሁት ለእናንተ ግን ቀን አልተረፈም። እናትህ እርጥብ አንሶላዋን እንደያዘች ስትመለስ አይተህ፣ «በእናንተ ሰፈር ንፋስም በውርስ ነው» አልከኝ። ምሰሶ ተደግፈን ሆምጣጤ የጠገበ ድንች ጥብስ ከጋዜጣ ላይ እየበላን ነበር። የዓሣ አጥማጆቹ ሰማያዊ ሹራቦች ክንዳቸውን ዘርግተው ከበላያችን ይወዛወዛሉ። የዚያ የጨው ሽታ ዛሬም ካለበት ይመጣብኛል፤ ያውም ሳልጠራው።

አሁን እዚህ አንድ ሕግ አለ። ማዘጋጃ ቤቱ፣ ጤና ቢሮው፣ እሳት አደጋውና ኮሌጁ በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው በድሃውና በባለጸጋው መሀል ያለውን ገደል እንዲያጠብቡ፣ ሕዝቡንም እንዲሰሙ ያዛል። እኔም ቤተ መጻሕፍቴ ከተዘጋ ወዲህ ሥራ ስለፈታሁ የመንደሩ ተወካይ ነኝ። ለብዙ ጊዜ ሁሉም የተስማሙት በብስኩቱ ብቻ ነበር።

አንድ ቀን የጤና ቢሮዋ ነርስ፣ «የላይ ሰፈር ልጆች ሳል አልለቅ ያላቸው እርጥብ ልብስ መኝታ ቤት ስለሚደርቅ ነው፤ ግድግዳው ሻጋታ ሆኗል» አለች። የእሳት አደጋው አለቃ፣ «እኛንም ዘንድሮ ያሯሯጠን ማሞቂያ ላይ የተረሳ ካልሲ ነው» አለ። የኮሌጁ ሰው፣ ብየዳ የሚማሩት ልጆች የሚሠሩት አጥተው አጥር ሠርተው አጥር እንደሚያፈርሱ ተናገረ። የማዘጋጃ ቤቱ አቶ ጊልክሪስት ሻዩን አስቀመጠ። «ታዲያ ሁላችንም የምንፈልገው ያንኑ ሜዳ ነዋ!» አለ፣ በገዛ ቤቱ ውስጥ የማያውቀው ክፍል እንዳገኘ ሰው።

ሜዳውን ለመንደሩ ሊለቁ፣ ኮሌጁም አዲስ ምሰሶ ሊሠራ ተስማሙ። አንድ ነገር ግን ጠየቁ፤ ላይ ሰፈርም ቀን ይኑረው። ካልሆነ ይሸጣል።

አዳራሹ ሞላ። እትዬ ኤፊ ቦርሳዋን እንደ ጋሻ ይዛ ተነሳች። «ሰኞዬን የምሰጠው ሬሳዬ ሲወጣ ነው!» አለች።

እህትህ ዊልማ ከኋላ፣ «ታዲያ እትዬ፣ ልብሳችንን ነክረን እንጠብቅዎት?» ብላ አዳራሹን በሳቅ ሞላችው።

«ምላሰኛ! እናትሽም እንዲሁ ነበረች።»

«እናቴማ ዝም ብላ አንሶላዋን ይዛ ነው የተመለሰችው። ምላሱን ያወጣሁት እኔ ነኝ።»

ከዚያ ወዲያ የሳቀ የለም። እኔ ተነሳሁና የማክሰኞዬ ጠዋት ለላይ ሰፈር ይሁን አልኩ። እትዬ ኤፊ ዞር ብላ፣ «ደግ ንፋስ ያለው ጠዋት ነው፣ አንቺ ሞኝ» አለችኝ። አውቃለሁ አልኳት። ቦርሳዋን ወንበሩ ላይ አስቀመጠች። በመጨረሻ ጣሪያውን እያየች፣ «እኔ ለማንም ምንም አልሰጠሁም። ግን ሰኞ ከሰዓት በኋላ እተኛለሁ። የተኛ ሰው ደግሞ ሜዳው ላይ ማን እንዳለ አያይም» አለች። ከዚያ አንዱ ረቡዕ ዓይኑ እንደሚደክም፣ ሌላዋ ሐሙስ እህቷን ለመጠየቅ እንደምትሄድ ተናገሩ። አቶ ጊልክሪስት፣ «እሺ አሉ ወይስ እምቢ?» ብሎ ጆሮዬ ሥር ጠየቀኝ። እኛ ዘንድ ከዚህ በላይ እሺ እንደሌለ አስረዳሁት።

ምሰሶዎቹ ቆሙ። በመጀመሪያው ማክሰኞ ዊልማ በጠዋት ወረደች። መቼም እዚህ የሰው የልብስ ገመድ ማየት ይፈቀዳል፤ ስላዩት መናገር ነው ነውሩ። እህትህ ብቻዋን የምትኖር አጭር ሴት ናት። ገመዷ ላይ ግን እጀታቸው ሣሩን ሊነካ የደረሰ የወንድ ሸሚዞች ነበሩ። ወፍራም የሱፍ ካልሲዎችም ነበሩ፤ ከሞቃት አገር የመጣ ሰው የሚገዛው ዓይነት። «ንፋሱ ደግ ነው» አለችኝ። «ደግ ነው» አልኳት። ሌላ አልተነጋገርንም።

ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ወደዚያ ሩቅ አድራሻህ አልላክሁትም፤ የምሰጠው ለዊልማ ነው። ጠዋቱ የእናንተ፣ ከሰዓት በኋላው የእኔ ነው። እኩለ ቀን ላይ አንዱ ሲያወርድ ሌላው ሊሰቅል ይመጣል። ዊልማ ወገቧን እንደሚያማት በኋላ ነግራኛለች። አንሶላ ደግሞ ለማጠፍ ሁለት ሰው ይፈልጋል።

እግዜር ጤናህን ይጠብቅልህ፤ የቤታችሁንም ግድግዳ ያድርቅላችሁ።

የታች ሰፈሯ
የድሮ ወዳጅህ