ግራው ነው ብዬ የዋሸሁት ክንድ

ሮቤ፣ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድህ ባለቤቴ ለቱፋ፣ ጅጅጋ፤

አሰላሙ አለይኩም። ልጃችን ኢፍቱ ደህና ናት፤ ቁመቷ እኔን ሊያልፍ ነው። ገሰራ ያለው የአባትህ ገብስም ዝናብ ሳያገኘው ገብቷል። በስልክ ሁለታችንም «ደህና ነኝ» ከማለት ስለማናልፍ ቁጭ ብዬ ልጻፍልህ አልኩ። የሚያመጣልህ የአጎትህ ልጅ ለሚ ነው። መቼ እንደምትመጣ ስጠይቀው፣ «ሆጂ በዝቶበት ነው» አለኝ፤ ይህን ሲል ግን ዐይኑን ከልብስ ቁልፍ ጣሳዬ ላይ አላነሳም። የጋራዥ ሥራ ሰባት ወር ሙሉ ይበዛል? እኔን ታውቀኛለህ፣ ሥጋ እንኳ ስገዛ ሌላ ሚዛን ላይ ካላስደገምኩ አላምንም።

ጥር ላይ ጡቴን ሲያወጡ ከብብቴ ሥር ያሉትን ዕጢዎችም እንዳወጡ ታውቃለህ። የሚቀጥለውን ግን አልነገርኩህም። ዕጢዎቹ ከሄዱ የክንድ ፈሳሽ መውረጃ አጥቶ ሊጠራቀም ይችላል አሉኝ። ክንዱ አንዴ አብጦ ከጠነከረ ደግሞ እንደ ድሮው መመለስ ጭንቅ ነው። ቀኝ ክንዴ ነው፤ የምቆርጥበትም የምሰፋበትም።

ጎባ ያለ አንድ ክሊኒክ ይህን ቀድሞ የሚያውቅ ማሽን ስላለው በየሦስት ወሩ እለካለሁ። ሲስተር እኅተማርያም ጫማዬንም፣ አንተ የሰጠኸኝን የብር አምባርም አስወልቃ ብረት ላይ ታቆመኛለች፤ በሁለት እጄ መያዣዎቹን እይዛለሁ። ትንሽ ኮረንቲ በሰውነቴ ውስጥ ይሄዳል፣ ውሃ ባለበት በቀላሉ ያልፋል፤ በዚህ ሁለቱን ክንዶች ያወዳድራል ብላ አስረዳችኝ። እኔ ምንም አልተሰማኝም። የማይነዝር ኮረንቲ ደግሞ ምን ዓይነት ነው? እስክጨርስ ድረስ ዐይኔ ጠረጴዛው ላይ ካለው አምባሬ አልተነቀለም።

ጥቅምት ላይ ቁጥሩ ጨመረ። ክንድሽ ለዐይን ሳይታይ ውሃ መያዝ ጀምሯል አለችኝ። ቤት ገብቼ ሁለቱንም በሜትሬ ለካሁ፤ እንደ ወትሮው እኩል ናቸው። በዚህ ሜትር ሃያ ዓመት የሰው ልብስ ስቆርጥ ኖሬ አንድ ቀን አሳፍሮኝ አያውቅም። ማሽኑ ሥራ እንዳይፈታ በሽተኛ እየፈለጉለት ነው ብዬ ደመደምኩ።

በሳምንቱ ሲስተር የሌለችበትን ቀን ጠብቄ ተመለስኩ። እሸቴ የሚባል ነርስ ነበረ። ካርዴ ጠፋብኝ አልኩት። በየት በኩል ነው የታከሙት ሲለኝ በግራ ነው አልኩት። ማሽኑ አዋቂ ከሆነ ይወቃ ብዬ ነው። ለካኝ፤ ቁጥሩን አየ። አወረደኝ፣ መያዣዎቹን ጠራረገ፣ እንደገና አቆመኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦

«እትዬ ሰቢሪና፣ ውሃ የያዘው ቀኙ ነው ይላል። እርግጠኛ ነዎት፣ ግራው ነው?»

«ግራው ነው» አልኩት።

«እስቲ ደግመው ያስቡት» አለኝ።

እውነቱን፣ የሜትሬንም ነገር ስነግረው አልተቆጣኝም። ሜትርዎ የሚናገረው ክንዱ ካበጠ በኋላ ነው፣ አሁን መታወቁ ደግ ሆነ ብሎ ክንድ የሚያጠብቅ እጅጌ ሰጠኝ። ቀን ቀን አራት ሳምንት እንዳደርገው ነው። ገልብጬ ስፌቱን ብፈልግ የለውም፤ ያለ ስፌት የቆመ እጅጌ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው፣ እሱንም ጠረጠርኩት። ግን አድርጌዋለሁ፤ ይህንንም የምጽፍልህ አድርጌው ነው። የሚመጣው ማክሰኞ እንደገና እለካለሁ። ቁጥሩ ከወረደ ክንዴ ተረፈ ማለት ነው። ካልወረደ ምን እንደምሆን አላውቅም። ፈርቻለሁ ቱፋ።

ሰባት ወር ሙሉ ስጠረጥርህ ከርሜያለሁ። ሌላ ጎጆ ቀልሷል አልኩ። ደረቴን ተጸይፎ ነው አልኩ። ቁስሌን አንድ ቀን አሳይቼህ አላውቅም፤ ልብስ ስለብስ ፊቴን ወደ ግድግዳ የማዞረው እኔ ነኝ። ሚያዝያ ላይ ሻንጣህን ይዘህ በር ላይ ቆመህ «ልቅር?» ስትለኝ፣ «ሂድ፣ እኔ ምን ሆንኩና» ያልኩህም እኔው ነኝ። ለአንተም ግራው ነው ብዬሃለሁ።

አላህ መንገዱን ያቅናልህ፣ እጅህንም ከብረት ይጠብቅልህ። ኢፍቱ ሰላም ብላሃለች። ተራዬ ማክሰኞ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ። ያ ነርስ ልጅ ከአንድ ሰዓት በላይ አያውቀኝም፤ ውሸቴን ሳያምን ግን ደጋግሞ ጠየቀኝ። አንተ ዐሥራ ስድስት ዓመት አብረኸኝ ኖረህ ለምን አንዴ ብቻ ጠየቅኸኝ?

ሚስትህ ሰቢሪና