በሁዳዴ ሥጋ የሚበላ እንግዳ

ሰኞ
ዛሬም ጫማ በላብኝ። ሦስተኛው ነው። ጃኪ የወንድሜ የአያሌው ውሻ ነው፤ የአደን ዘር፣ እግሩ ረጅም፣ ሆዱ ከጀርባው የተጣበቀ። ሚስቱ ቢቸና ከተማ ስትወልድ «አራስ ቤት አይሆንም፣ እስከ ክርስትናው ያዢልኝ» ብሎ ሞጣ ድረስ በአይሱዙ ላከብኝ። ወንድ ቢሆን አርባ ቀን ነበር። ሴት ተወለደችና ሰማንያ ሆነብኝ። ልጅቷን እወዳታለሁ፣ ግን።

ጠዋት ትምህርት ቤት ከመግባቴ በፊት አንድ ሰዓት ሙሉ አስሮጥኩት። ማለት እሱ አስሮጠኝ። ተማሪዎቼ አዩኝ።

ማክሰኞ
እንጀራ በሽሮ ፈትፍቼ ሰጠሁት። አሸተተና ቀና ብሎ አየኝ። ቤቱ ከጾመ እሱም ይጾማል፤ የእናቴ ቤት ውሻ እንዲሁ ነው ያደገው። ያ ግን ደጃፍ ላይ ተኝቶ የሚውል ነበር። የዚህ የጎድን አጥንቱ ይቆጠራል።

ረቡዕ
የጎረቤቴን የእትዬ ጥሩወርቅን ዶሮ በላ። ለፋሲካ ያሰቧትን! አጥር ዘሎ፣ በጠራራ ፀሐይ። ምትኳን አመጣለሁ ብዬ ይቅርታ ስጠይቅ አልተቆጡም፤ ያስፈራኝም እሱ ነው። «አንዴ ከደገመ መርዝ አደርግለታለሁ። ሰማሽ ልጄ?» አሉኝ ቀስ ብለው። የሚሉትን የሚያደርጉ ሰው ናቸው።

ለአያሌው ደወልኩ። በደንብ አስሩጪው አለኝ። ሕፃኗ ስታለቅስ ዘጋው።

ሐሙስ
ሳስረው ይጮኻል፣ ስፈታው ይዘላል። የራበው እንስሳ ምን ያድርግ? ጥፋቱ የእኔ ነው። የእኛ ሰዎች ሥጋ ቤት ሁሉ ዝግ ስለሆነ ወደ ጋሽ ሰይድ ሥጋ ቤት ሄድኩ። በዕድሜዬ ገብቼበት አላውቅም። ሳይጠይቁኝ «ለውሻ ነው» አልኩ። ሳቁና አጥንት ያለበት ቆረጡልኝ። ነጠላዬ ሥር ሸጉጬ ስወጣ ፊት ለፊቴ እትዬ ጥሩወርቅ። ጾም መግደፍ፣ ያውም ከሙስሊም ሥጋ ቤት! ከሰዓት በኋላ ሁለት ጎረቤቶች ሰላምታዬን ሳይመልሱ አለፉ።

ዓርብ
አፍሬ ሥጋ ቤት አልሄድኩም። ሽሮ ሰጠሁት፣ ሳህኑን ገለበጠው። ራሴን ጠላሁ።

ቅዳሜ
ጠዋት ልብስ ሳሰጣ ጃኪ አጥሩ ጥግ አንድ ነገር ሲውጥ አየሁት። ቀይ ሥጋ። በሁዳዴ ሥጋ ከየት ይወድቃል? አፉን ፈልቅቄ ጣቴን ከተትኩ፤ ውጦታል። ወተት እንዳላጠጣው ቤቴ ወተት የለም። የእንስሳት ሐኪሙ ስልክ አያነሣም። መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ሆዱን ይዤ አለቀስኩ። ሌላ ምን አደርጋለሁ?

እትዬ ጥሩወርቅ በአጥሩ ላይ ብቅ አሉ። «ምን ሰጡት?» ብዬ ጮህኩባቸው። ታላቅ ሰው ላይ ጮኼ አላውቅም።

«የጠገበ ውሻ ዶሮ አይነካም ብዬ ነው። ከሰይድ ነው የገዛሁት» አሉ። ግራ ቀኝ አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ስወጣ ማንም አላየኝም። አደራሽን፣ ለንስሐ አባታችን እንዳትነግሪ።»

ነገ ሥጋውን የማመጣው እኔ ነኝ፣ ከነገ ወዲያ እሳቸው፤ እንዲህ ተስማማን። አምኛቸዋለሁ። አሁን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል፣ ጃኪም ይተነፍሳል። እጄን ግን ከሆዱ ላይ ማንሣት አልቻልኩም።