መጀመሪያ ለጻፈ

ጥቅምት 6
ዛሬም ዘነበ። ከቢሮ ስመለስ የኖህን ክፍል ከፈትኩ... ፕሌይስቴሽኑ ቴሌቪዥኑ ሥር እንዳለ ነው። የኳሱ፣ የመኪናው፣ ሁሉም ጨዋታ በየካርቶኑ። ልጄ ከዲክሲስ ሲመለስ የተሳፈረበት መኪና ከተገለበጠ ዓመት ሊሞላ ነው። ለማን ነው የማስቀምጠው?

ጎረቤቴ ሙቢና በአጥር በኩል በስሜ "ዋጋዬ" ብላ ተጣራች። ሁሉም እንደዚያ ነው የሚሉኝ አሁን። እንዳልከፋ ብለው ይሆናል። ድሮ የኖህ እናት ነበርኩ።

ጥቅምት 8
የአርሲ ልጆች ዕቃ የሚለዋወጡበት የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ፎቶውን ለጠፍኩ። ግሩፑ ውስጥ ያስገባኝ ኖህ ራሱ ነበር። "ፕሌይስቴሽን ከነጨዋታዎቹ። በነፃ። መጀመሪያ ለጻፈ።" የማን እንደነበር አልጻፍኩም።

ሻዬ ሳይበርድ ሰኢድ የሚባል የአቦምሳ ልጅ ጻፈ። "ያንተ ነው" አልኩት። አመስግኖ በውስጥ መስመር መጣ። "ይቅርታ፣ ባለቤቱ ያውቃል?"
ስልኩን ደፍቼ አስቀመጥኩት።

ጥቅምት 9
ከቸርች ስንወጣ ታላቅ ወንድሜ ጋሽ ከበበው ያዘኝ። ልጁ ኤፊ ግሩፑ ላይ አይቶ አኩርፏል።
"የሥጋ ዘመድ እያለ ለማታውቂው ሰው?"
"ቃል ገባሁ እኮ።"
"ስልክ ላይ የተጻፈ ቃል ነው? ተወስዷል በዪው፣ አለቀ።"
እሱም እውነት አለው... ኤፊ ከኖህ ጎን ተቀምጦ የተጫወተ ልጅ ነው። ከመለጠፌ በፊት ዘመድ መጠየቅ አልነበረብኝም? ምን አስቸኮለኝ?
"ተወስዷል" ብዬ ጻፍኩ። ግን አልላክሁትም።

ጥቅምት 10
ጠዋት ልጸልይ ስቀመጥ የአባቴ ተረት መጣብኝ። "የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ።" ስንቴ ብዬዋለሁ፣ በዘበት። የወለድኩት ጠፋ። የተናገርኩትም ይጥፋ?
"ተወስዷል" ያልኩትን ሰረዝኩ። ለሰኢድ እውነቱን ጻፍኩለት። "የልጄ ነበር። ኖህ ይባላል። አርፏል። ቅዳሜ መጥተህ ውሰድ።"
አንብቦታል። መልስ የለም። የሟች ዕቃ ብሎ ፈራ ይሆን?
ለጋሽ ከበበው ደውዬ ነገርኩት። ሳልጨርስ ዘጋብኝ።

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ
መጣ። ብቻውን አይደለም፤ እናቱን ወይዘሮ ፋጡን ይዞ። ዕቃውን አሽጌ በረንዳ ላይ አውጥቼው ነበር፣ ቶሎ አንስቶ እንዲሄድልኝ። ዞር ብለው ሳያዩት አልፈውት ገቡ። ተቀምጠው አለቀሱ። እኔን ሳያውቁ፣ እሱን ሳያውቁ...
"አላህ ሰብሩን ይስጥሽ" አሉኝ ፋጡ። "ይሄ ልጅ መልስ ያልሰጠሽ በጽሑፍ አይሆንም ብዬው ነው። ለቅሶ ሳይደርሱ የሟች ዕቃ ይነሳል?"
ዳቦና ሻይ አቀረብኩ። ሰኢድ አንገቱን ደፍቶ "የትኛውን ይወድ ነበር?" አለኝ። የመኪናውን፣ አልኩት። ከዚያ አፌ ተከፈተ። ኖህ ሲሸነፍ እንዴት እንደሚነጫነጭ፣ እራት ሲባል "አንዴ ብቻ እማዬ" እንደሚል... ዓመት ሙሉ ለማንም ያላወራሁትን።
ስሸኛቸው ፋጡ በር ላይ አቀፉኝ። በኦሮምኛ "ሃዳ ኖህ" አሉኝ። የኖህ እናት።
ባጃጁ ሲዞር ዕቃው የሰኢድ ጭን ላይ ነበር። አላለቀስኩም አልልም።

ጥቅምት 23
ጋሽ ከበበው ዛሬም ቸርች ሰላም አላለኝም። ኤፊም ፊቱን አዞረ። ያማል። ቤታቸው ሄጄ ይቅርታ እላለሁ፣ ቀድሜ ስላልጠየቅኋቸው። ስለሰጠሁት ግን አልልም።
ከሰዓት ሙቢና በአጥር በኩል "ዋጋዬ" አለች። ወጣሁ።
"የኖህ እናት በይኝ።"
አየችኝ። ከዚያ ቀስ ብላ ጠራችኝ።
አቤት አልኩ።