ማጣሪያውን ማን አለፈ?

ለተከበሩ አቶ ባንታየሁ፣
በናይሮቢ ዌስትላንድስ የምንኖርበት ሕንፃ ባለቤትና አስተዳዳሪ፤
ሩንዳ።

ክቡር ሆይ፣

አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬን እያቀረብኩ ለእርስዎም ለቤተሰብዎም ጤና እመኛለሁ፤ በተለይ የሳንባ ጤና። ከነዛፉ፣ ከነሚከፈት መስኮቱ ሩንዳ ስለሚኖሩ ምኞቴ ገና ሳይነገር የተፈጸመልዎ ሰው መሆንዎን አውቃለሁ። እኔ የአራተኛው ፎቅ ያዕቆብ ነኝ፤ በየስብሰባው «አባባ ደግሞ ቀልድ ይወዳሉ» እያሉ የሚያስቀምጡኝ ሽማግሌ። በነዋሪዎች የስልክ ቡድን ላይ የጻፍኩትን ሁሉ ስለሚያጠፉብኝ ይህኛውን በአሳንሰሩ በር ላይ ለጥፌዋለሁ፤ ይቅርታዎ አይለየኝ።

ለማያውቅ አንባቢ ልናገር፤ ሕንፃችን ድሮ ቢሮ ስለነበረ መስኮቱ አይከፈትም። ሲበርደን የሚያሞቀን፣ ሲሞቀን የሚያቀዘቅዘን ጣሪያ ላይ የተቀመጠ አንድ ማሽን ነው፤ የምንተነፍሰውም እሱ የላከልንን ብቻ ነው። እንግዲህ የዚያን ማሽን የአየር ማጣሪያ የሚመርጥ ሰው የሳንባችንን ዕጣ ፈንታ ይመርጣል ማለት ነው። ይህን የሚያህል ሸክም ማንንም ሳያማክሩ ብቻዎን ስለተሸከሙልን ምስጋናዬን በተራ በተራ አቀርባለሁ።

፩. በመጀመሪያ የገዙልን ማጣሪያ እጅግ ስስ ስለነበረ በወዲያኛው በኩል የቆመ ሰው ጥርሱን ሲፍቅ ይታይ ነበር። የደጃፋችን የመንገድ ሥራ አቧራና የማታቱ ሚኒባሶች ጭስ እንደ ቤተኛ ሳያንኳኩ ገቡ። አስም ያለባት ባለቤቴ አያልነሽ ጠዋት የወለወለችው ጠረጴዛ ከሰዓት በጣት ይጻፍበታል፤ አንድ ቀን ስምዎን ጽፋበት አገኘሁ። አልጠፋም፤ አቧራው መልሶ እስኪሸፍነው ድረስ እዚያው ነበር።

፪. ስንጮህ ጊዜ ልብዎ ራርቶ ገበያ ላይ ካለው ሁሉ ወፍራሙን ገዙ። የማጣሪያው ቁጥር በጨመረ መጠን ደቃቁን ብናኝ ይይዛል፤ በዚህ አልተሳሳቱም። ነገር ግን ማሽኑ እንደ እኔ ያረጀ ነው፤ በዚያ ድሪቶ ውስጥ አየር መሳብ አቃተው፣ አቃሰተ፣ ቆመ። የሽማግሌ አፍ በብርድ ልብስ አፍኖ ሩጥ እንደ ማለት ነበር።

፫. ከዚያ በኋላ የፈጸሙት ግን የርኅራኄዎ ጥግ ነው። ማሽኑ እንዲተነፍስ ብለው የማጣሪያውን መሐል በቢላ አስቀደዱት። ተነፈሰ! በዚህ ሕንፃ ውስጥ እንደ ልቡ የሚተነፍስ እሱ ብቻ ነው። በዚያው ዕለት በስልክ ቡድናችን ላይ «የማጣሪያው ጉዳይ በስኬት ተጠናቋል፤ አየሩ አሁን ያለ ችግር ያልፋል» ብለው አበሰሩን። እውነትዎን ነው፣ አለፈ፤ አቧራውም ጭሱም ተከትሎት አለፈ።

፬. ብዙም ሳይቆይ ከዚያው መልእክትዎ ሥር «የሁለተኛ ፎቁ አቶ ሀብተወልድ አልፈዋል» የሚል መርዶ መጣ። ደረቱ ደካማ ነበር፤ ክረምቱን ሙሉ በግድግዳ አሳብሮ የሚሰማን የእሱ ሳል ነበር። እዚሁ ናይሮቢ የተወለደችው የልጅ ልጄ ያኤል ደግሞ አማርኛዋን የለመደችው ከእኔ ጋር ኳስ እያየች ስለሆነ፣ ለእሷ ማጣሪያ ማለት ለዋንጫ የሚያበቃ ጨዋታ፣ ማለፍ ማለት ማሸነፍ ነው። ከላይ «ማጣሪያው»፣ ከታች «አልፈዋል» የሚለውን አየችና «ሆንጌራ ሳና፣ እንኳን ደስ አለዎት አቶ ሀብተወልድ!» ብላ ከነጭብጨባው ላከች። ለቅሶ ቤት የተቀመጠው ሁሉ ስልኩን ይዞ ደርቆ ቀረ። እርስዎም ልጅቷን ሥርዓት እንዳስተምራት ጻፉልኝ። «ባቡ፣ አያቴ፣ ሞተው አጨበጨብኩላቸው» እያለች ስታለቅስ አረፈደች።

እኔ ግን አላረምኳትም። ከሁላችን ይልቅ ነገሩ የገባው ለእሷ ነው፤ እርስዎ ያስገጠሙልን የአየር ሳይሆን የሰው ማጣሪያ ነው። አቧራው እንዳለ ይገባል፤ የሚጣራው ነዋሪው ነው።

፭. እዚህ ላይ ምስጋና አልቆብኛል። አያልነሽ ሆስፒታል ናት፤ ቅዳሜ ትወጣለች። ሐኪሟ ንጹሕ አየር ያስፈልጋታል ሲለኝ አንገቴን ነቀነቅሁ እንጂ ወዴት እንደምመልሳት አልነገርኩትም፤ አፈርኩ። የምለምንዎ ከቅዳሜ በፊት መካከለኛ ማጣሪያ እንዲገባልን ነው። ደቃቁን የሚይዝ፣ ማሽኑን ግን የማያፍን ይሁን፤ የሚችለው ቁጥርና ልኩ በማሽኑ በር ላይ ተለጥፏል። ጠርዙ ከክፈፉ ጋር ይግጠም፤ መንገዱ ተሠርቶ እስኪያልቅ ቶሎ ቶሎ ይቀየር። ቢላዋውም ወደ ወጥ ቤቱ ይመለስ።

በተዘጋ መስኮት አጠገብ፣ በተቀደደ ማጣሪያ ሥር ሆኖ ትንፋሹን እየቆጠበ የጻፈልዎ፣
ታዛዥ ተከራይዎ
ያዕቆብ

ከደብዳቤው የተረፈ፦ ለሀብተወልድ ሳልመኝለት የቀረሁትን ለአያልነሽ እመኝላታለሁ፤ በማጣሪያዎ ትውደቅ፣ ወድቃ ከእኔ ጋር ትቅር። ማለፍ ካማረዎ ግን ከሩንዳ ይምጡና አንድ ክረምት በእኛ ፎቅ ይሰንብቱ፤ ያኔ ያኤልን አላስቸግርም፣ እኔው ራሴ አጨበጭብልዎታለሁ።