ገላጋይ የሌለበት ጠብ

ጥቅምት 4፣ ማክሰኞ። ከሰዓት 9፡00

መብራት የለም። ፎቶ ቤቱ ጨለማ። ታብሌቴ ላይ የሳልኩት ሰውዬ ሽመሉን እንዳነሳ ነው፤ ከትናንት ጀምሮ አላወረድኩለትም።

ተስፋሁን፣ አብሮኝ ፎቶ የሚያነሳው፣ አይቶ ሳቀ። ሰው ለመማታት ዘሎ ሦስት ሰከንድ አየር ላይ ይቆያል ወይ፣ ያውም እየፎከረ? አኒሜ ነው፣ የጃፓን ካርቱን፣ አልኩት። አኒሜም ቢሆን ክብደት አለው አለኝ፤ እግሩን ሳይተክል በምን ጉልበቱ ይመታል? ነደደኝ። የነደደኝ ስለ እግሩ ልክ ስለሆነ ነው።

አ.አ. ያለው የአኒሜሽን ሥልጠና የአንድ ደቂቃ የጠብ ትዕይንት ላኩ ብሏል። እስከ ዓርብ 14። ካለፈኝ እንጅባራ ላይ የጉርድ ፎቶ ጀርባ ሳነጣ መኖሬ ነው።

ጥቅምት 5፣ ረቡዕ

ዝላዩን አጠፋሁ። እግሩን ተከልኩ፣ ወገቡን አዞርኩ። ልክ ነው፣ ግን ሞተ። እንጨት ፈላጭ መሰለ። ዝላዩን መለስኩ። ነፍስ ዘራ፤ ክብደቱ ጠፋ። እስቲ ማስታወሻዬ፣ አንዱን ምረጪልኝ።

ተስፋሁን ዱላ የሚያውቅ ሰው ቀርጸሽ ከዚያ ላይ ሳዪ አለ። ዱላ ከተባለ ከአባባ በላይ ማን አለ! ቅዳሜ ወደ ጥሊሊ፣ ቤት።

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ። 11፡00፣ ቤት

መጀመሪያ ትዕይንቱን ስልኬ ላይ ለአባባ አሳየኋቸው። ስልኩን ከዓይናቸው አርቀው ያዙ። ዝላዩ አልገረማቸውም። ሦስት ሰከንዱም። ግራ የገባቸው ሌላ ነው።

«ገላጋዮቹ የታሉ?» አሉኝ።

ሁለት ሰው ብቻ ነው የሳልኩት አልኳቸው። እንዲህ ያለ ጠብ የለም አሉ። ዘራፍ ሲባል የሰማ ሁሉ የያዘውን ጥሎ ይሮጣል፤ ፉከራ የሚረዝመውም ገላጋይ እስኪደርስ ነው። የፎካሪው አንድ ዓይኑ ባላጋራው ላይ፣ አንድ ዓይኑ መንገዱ ላይ ነው።

ሳቄ መጣ። ተስፋሁን ውሸት ነው ብሎ የሳቀበት የአኒሜ ልፍለፋ እዚህ ማሳ ዳር እውነት ሆኖ ተገኘ።

የዲከረንሱ ዛፍ ሥር ቆመው ቀረጽኳቸው። ግማሹ ፉከራ በአዊኛ ነው። አንገታቸው ቀና፣ ድምፃቸው ወፈረ። ደስ አለኝ። ምቱንም በቀስታ ያሳዩኝ አልኳቸው። ሽመሉን ከትከሻቸው በላይ አነሱ። ቆሙ። አወረዱት። ይበቃል አሉ። ስልኩ አልያዘውም ብዬ ዋሸሁ፣ እንዲደግሙልኝ። ሽመሉን አጥሩ ላይ አስደግፈው ገቡ።

ጥቅምት 9፣ እሑድ። ከቤ/ክ መልስ

አባባ ሽመሉን ለምን እንዳወረዱት እማዬን ጠየቅኳት። ነገሩ የሆነው ሳልወለድ ነው አለች። ጎረቤታችን ጋሽ ውቡ፣ ግራ ጆሯቸው የማይሰማው። ከአባባ ጋር በማሳ ድንበር ተጣሉ። አባባ ያን ቀን ዘራፍ አላሉም። ዝም ብለው ጆሮ ግንዳቸውን መቷቸው። ሰው የደረሰው ጋሽ ውቡ ከወደቁ በኋላ ነው፤ ሳይሰማ ማን ይሮጣል? ሽማግሌ አስታረቃቸው።

አባባ በየዓመቱ ከራሳቸው ማሳ በፊት የጋሽ ውቡን ያርሳሉ። እኔ ደግነት ይመስለኝ ነበር።

አፈርኩ። ይድገሙት ማለቴ!

ስወጣ አባባ ጉንጬን ሳሙኝ።

ጥቅምት 12፣ ረቡዕ

ተስፋሁን ቀረጻውን አየ። ምቱስ? የለም አልኩት። ለምን እንደሌለ አልነገርኩትም። እኔ ልምታልሽ ብሎ መጥረጊያ አነሳ፤ የፎ/ቤቱን መብራት ለጥቂት ሳተው። ምቱን ከሱ ላይ ሳልኩ። እግር ተክሏል፣ ወገብ ዞሯል፣ ክብደት አለው። እስካሁን ከሳልኩት ሁሉ ይበልጣል። ላየው አልቻልኩም።

ጥቅምት 14፣ ዓርብ። ከሰዓት 8፡20

መብራት አለ። እስከ 11፡00 መላክ አለብኝ።

ምቱን ሰረዝኩ። ሁሉንም ፍሬም። ዝላዩን መለስኩ፤ ሦስቱን ሰከንድ ዘጠኝ አደረግኩት። ሰውዬው ሽመሉን እንዳነሳ አየር ላይ ይፎክራል። ከማሳው ጫፍ አንድ ሰው አስገባሁ፣ ጋቢውን ወገቡ ላይ አስሮ የሚሮጥ።

ተስፋሁን ራሱን ያዘ። ዘጠኝ ሰከንድ አየር ላይ የሚቆም ሰው የለም፣ ይጥሉሻል አለ። እውነቱን ነው፣ የለም። ቢጥሉኝም ይጣሉኝ። ሯጩ ለመድረስ ስምንት ሰከንድ ይፈጅበታል፤ ቆጥሬዋለሁ። ዘጠኝ ይበቃዋል።